«ተማሪ ነኝ» ማለት የምትችሉበት ጊዜ ሳያልፍ

ይህን የምጽፈው ገና ግቢ ውስጥ ላላችሁ ነው። ማርኬቲንግ፣ ማኔጅመንት ወይም አካውንቲንግ ለምትማሩ፤ ቴክኒክና ሙያ ገብታችሁ ሽያጭ ለምትሠለጥኑ። «ተመርቄ ምን ልሠራ ነው?» የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ካላችሁ፣ እኔንም ነስቶኛል። የእኔ መንገድ ችርቻሮ ሆነ። አሁን ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ ሱፐርማርኬት ሥራ አስኪያጅ ነኝ። እዚህ ያደረሰኝ ዲግሪዬ ብቻ አይደለም። ገና ተማሪ ሳለሁ በእጄ የያዝኳት ማህተም ያረፈባት አንዲት ወረቀት ናት። ስለ እሷ ሳልነግራችሁ ብቀር ይቆጨኛል።

ያደግሁት ባቲ፣ አክስቴ ቤት ነው። ባቲን የማያውቅ ሰው ሰኞ ቀን መጥቶ ይያት። አፋሩ ግመሉን እየነዳ፣ ኦሮሞው ከብቱን፣ አማራው እህሉን ይዞ አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛል። አክስቴ ከገበያው ዳር ትንሽ ሱቅ አለቻት። ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ሻይ ቅጠል፣ የእጅ ባትሪ ትሸጣለች። ሰኞ ሰኞ በሌሊት ተነስቼ ስኳሩን ከጆንያ እያወጣሁ፣ በሩብና በግማሽ ኪሎ እየመዘንኩ በፌስታል እቋጥር ነበር። አክስቴ ከኋላዬ ሆና ሁሌም አንድ ነገር ትለኛለች፦ «ሚዛኑ ሳያርፍ እንዳታነሺ።» መርፌው መወዛወዙን እስኪያቆም ጠብቂ ማለቷ ነው። ገበያተኛው ተሰልፎ እያጣደፈም ቢሆን አትለቀኝም። ያኔ ይሰለቸኝ ነበር። ዛሬ አዲስ ሠራተኛ ስቀጥር መጀመሪያ የማየው ግን ይህንኑ ነው። ሰው እያጣደፈው ሚዛኑ እስኪያርፍ ይጠብቃል ወይ?

በ2010 ዓ.ም. ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመደብኩ። ማርኬቲንግ ማኔጅመንት መረጥኩ። «ለሱቅ ለሱቅማ እኔስ አስተምሬሽ የለም ወይ?» አለችኝ አክስቴ፣ ደስታዋ ፊቷ ላይ እየታየ። የሰፈሩ ሰው ግን ከልቡ ጠየቀኝ፦ «ተምሮ ሱቅ?» ይህ ጥያቄ እናንተም ጋ ይመጣል። ብዙ ሰው ሱቅ ሲባል ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ልጅ ብቻ ነው የሚታየው። አንድ ደህና ሱፐርማርኬት ውስጥ ግን ዕቃ ገዢ አለ። ዋጋ የሚተምን አለ። ስቶር የሚይዝ፣ ሒሳብ የሚመረምር፣ ሠራተኛ የሚያሠለጥን፣ በቴሌግራም ትእዛዝ ተቀብሎ ቤት ድረስ የሚያደርስ አለ። በ2016 ዓ.ም. በወጣ መመሪያ ደግሞ ለአገር ውስጥ ነጋዴ ብቻ ተከልሎ የነበረው የችርቻሮና የጅምላ ንግድ መስፈርቱን ለሚያሟሉ የውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። ውድድሩ ሲበረታ ዕቃ መቁጠር፣ ዋጋ መተመንና ደንበኛ መያዝ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። ሙያ ነው። ሙያ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ገና ብዙ አይደለም።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ኮምፒውተር ክፍል ቁጭ ብዬ ለአንድ አሳይመንት ስፈልግ፣ አሜሪካ ውስጥ የችርቻሮ ነጋዴዎች ብሔራዊ ፌዴሬሽን የሚባል ማኅበር እንዳለ አነበብኩ። በ1911 እንደ ፈረንጆቹ የተመሠረተ ነው። በሥሩ ያለው ፋውንዴሽን ችርቻሮ መሥራት ለሚፈልጉ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ይሰጣል። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ጥር ኒውዮርክ ላይ ከሚካሄደው ትልቅ ጉባኤ ጋር አያይዞም ለተማሪዎች የራሳቸውን ፕሮግራም ያዘጋጃል። ተማሪዎቹ እዚያ የትልልቅ ሱቆችን ኃላፊዎች ፊት ለፊት ያገኛሉ፤ ይጠይቃሉ፤ ስልክ ይለዋወጣሉ። በጣም ቀናሁ። እዚያ የሚማሩ ልጆች ስለሆኑ ለእኔ አይሆንም። ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ልጆቹ የሚያገኙት ሦስት ነገር ነው፦ ሥራውን በዓይን ማየት፣ የትምህርት ድጋፍ፣ ሰው ማወቅ። ታዲያ ደሴ ከተማ ሱቅ ጠፋ? ነጋዴ ጠፋ?

በማግስቱ ትምህርት ክፍላችን ሄጄ የትብብር ደብዳቤ ጠየቅሁ።

ይህችን ደብዳቤ አትናቋት። «ተማሪያችን ስለሆነች ለትምህርቷ የሚያስፈልጋትን ትብብር እንድታደርጉላት» የምትል ግማሽ ገጽ ወረቀት ናት። እኔ መጀመሪያ የወሰድኩት «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ነበር። ስህተቴ እሱ ነው። ለሁሉም የተጻፈ ደብዳቤ ለማንም እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። አንዱ ሱቅ ገና ማህተሙን ሲያይ «ከገቢዎች ነው የመጣሽው?» ብሎ ፊቱን አጠቆረብኝ። ሁለተኛው «ባለቤቱ የሉም» አለኝ፤ ባለቤቱ እሱ ራሱ መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት። አልፈርድባቸውም። የማያውቁት ሰው ወረቀት ይዞ ስለ ሒሳባቸው ሲጠይቅ ቢደነግጡ ምን ይገርማል? ተመልሼ በድርጅቱ ስም የተጻፈ ደብዳቤ አስወጣሁ። ምን እንደምፈልግም በአንድ ዓረፍተ ነገር አስጻፍኩ፦ «የዕቃ አቆጣጠርን በተግባር ለማየት»። ትርፍ፣ ገቢ፣ ግብር የሚሉ ቃላት አንድም ቦታ እንዳይገቡ ተጠነቀቅሁ።

ሦስተኛው ሸዋ በር አካባቢ ያለ የጅምላና የችርቻሮ ሱቅ ነው። ባለቤቱ አዛውንት ሐጂ ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ምን ላድርግልሽ ልጄ?»

«ሐጂ፣ ተማሪ ነኝ። ትርፍዎን አልጠይቅም። ዕቃ እንዴት እንደሚቆጠር ብቻ ልይ።»

«ቆጠራ? እኛስ መቼ ቆጥረን እናውቃለን? በዓይናችን ነው» አሉኝ። ዝም ብዬ ቆምኩ። ትንሽ ቆይተው «አብሽሪ፣ ቅዳሜ ነይ» አሉ።

ያ ቅዳሜ ዛሬም ፊቴ ላይ ነው። ባለ 5 ሊትር ዘይት እንድቆጥር ሰጡኝ። ባለፈው ወር መጨረሻ 120 ጀሪካን ነበር። 60 ገብቷል። በደረሰኝ የተሸጠው 95 ነው። 120 ሲደመር 60፣ ሲቀነስ 95፤ 85 መኖር አለበት። ስቶር ገብቼ ቆጠርኩ። 79። ደግሜ ቆጠርኩ። 79። ስድስት ጀሪካን የለም።

ስቶር ውስጥ ዕቃ የሚያወጣና የሚያገባ ከመርሳ የመጣ አንድ ልጅ ነበር። ቁጥሩን ስናገር ፊቱ ተለዋወጠ። ዕቃ በጠፋ ቁጥር ሰው የሚያየው እሱን እንደሆነ ያውቃላ። ሐጂ ምንም አላሉም። እኔ ግን ሆዴ ተላወሰ። «ሐጂ፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» ብዬ ደብተሮቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩ። ሦስቱን ከዱቤ ደብተር አገኘኋቸው፤ ከታች ያለው ሱቅ በእምነት ወስዶ ደረሰኝ አልተቆረጠለትም። ሁለቱን ሐጂ ራሳቸው ለሐዘን ቤት ልከው ነበር፤ ሲጠየቁ ትዝ አላቸው። አንዱ ከግድግዳው ሥር ተሰንጥቆ ፈስሶ ባዶውን ተገኘ። ስድስት። ያ ልጅ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወደ ውጭ ወጣ። ሐጂ ተከትለውት ወጥተው ትከሻውን ይዘው ሲያወሩት በበሩ አየሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉድለት ማለት ሌብነት ማለት እንዳልሆነ አልረሳሁም። ጉድለት ያልተጻፈ ነገር ነው። ያልተጻፈ ዱቤ፣ ያልተጻፈ ስጦታ፣ ያልተጻፈ ብልሽት። ሌብነትም አለ፣ አይካድም። ግን መጀመሪያ ወረቀቱ ይመርመር። ሱቅ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ስሌት በቃላችሁ ያዙት፦ የነበረው፣ ሲደመር የገባው፣ ሲቀነስ የተሸጠው። ከዚያ ቆጥራችሁ ከምታገኙት ጋር አስተያዩት። አንድ ዕቃ ብቻ መርጣችሁ በየሳምንቱ ብትቆጥሩ እንኳን በወር ውስጥ ሱቁን ከባለቤቱ እኩል ታውቁታላችሁ።

ሐጂ ዘንድ በየቅዳሜው ለሁለት መንፈቅ ሄድኩ። ክፍያ አልነበረኝም። ምሳ ግን አንድም ቀን ሳልበላ አልወጣሁም። ሼልፍ ላይ ዕቃ ሲደረደር የመጠቀሚያ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ከፊት፣ አዲሱ ከኋላ እንዲሆን አስለመድኩ። ከእሳቸው ደግሞ ብዙ ተማርኩ። ዱቤ ለማን እንደሚሰጥ፣ ለማን እንደማይሰጥ። አቅራቢ ዋጋ ሲጨምር ወዲያው አብሮ መጨመር ደንበኛን እንዴት እንደሚያሸሽ። ዓርብ ለጁምዓ ሱቁ ሲዘጋ ቀድሞ ለደንበኛ መንገር ምን ያህል መከበርን እንደሚያመጣ። ይህን የሚያስተምር ሞጁል አላየሁም።

አንድ ነገር ግን ከክፍል ወደ ሱቅ ይዤ ሄጄ ሐጂን ያስደነቅኩበት አለ። ለሥራ ቃለ መጠይቅም ስለሚጠቅማችሁ ልጻፈው። በ80 ብር የገዛችሁትን በ100 ብር ብትሸጡ ትርፋችሁ ስንት በመቶ ነው? ብዙ ሰው 25 ይላል። ከመግዣው አንጻር ልክ ነው፤ 20 ብር የ80 ሩብ ነው። ከመሸጫው አንጻር ግን 20 በመቶ ነው። ልዩነቱ ምን ያደርጋል? ለበዓል «25 በመቶ ቅናሽ» ብላችሁ ብትለጥፉ 75 ብር ትሸጣላችሁ። በእያንዳንዱ ዕቃ 5 ብር ትከስራላችሁ። ሐጂ ይህን በወረቀት ሳሳያቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። «ባለፈው ረመዳን ቴምሩን ያስበላን ይሄ ነው» አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሐጂ በራቸውን የከፈቱልኝ ተማሪ ስለሆንኩ ነው። ተማሪ ሲጠይቅ ሰው ያስተምራል። የተመረቀ ሲጠይቅ ሰው «ሥራ ሊለምነኝ ነው» ብሎ ይሸሻል። ጥያቄው ያው ነው፤ ጠያቂውም ያው ነው። ልዩነቱ መታወቂያው ላይ ያለው ቀን ነው። ከእኔ ጋር የተመረቁ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ፤ ውጤታቸው ከእኔ የተሻለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከግቢ ወደ ፒያሳ ወርደው አንድ ሱቅ ገብተው አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ ተመረቁ። ከዚያ በኋላ ሲዞሩ የሚያውቃቸው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ደብዳቤውን ዘንድሮ አስወጡ። የመጨረሻውን ዓመት አትጠብቁ። በእኛ ጊዜ ያልነበረው የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ መጥቷልና የመጨረሻው ዓመት ትንፋሽ አይሰጣችሁም። ደሴ ወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክ ወይም ሌላ ኮሌጅ የምትሠለጥኑ ደግሞ የትብብር ሥልጠና የሚባል፣ ድርጅት ውስጥ ገብቶ በተግባር የመማር ዕድል አላችሁ። ብዙ ልጅ ፊርማ አሰብስቦ ለማለፍ ብቻ ነው የሚጠቀምበት። እባካችሁ እንደዚያ አታድርጉት። ድርጅቱን ራሳችሁ ምረጡ። ሥራ ካልሰጧችሁ ራሳችሁ ጠይቁ። ፊርማ ብቻ ይዞ የወጣ ልጅ ከሳምንት በኋላ ስሙንም የሚያስታውሰው የለም።

በመጋቢት 2012 ኮሮና መጣና ግቢ ተዘጋ። ባቲ ተመለስኩ። የአክስቴን ሱቅ እየቆጠርኩ ከረምኩ። በ2013 ዓ.ም. ተመረቅሁ። ሐጂ በስቶር ሒሳብ ያዥነት ቀጠሩኝ።

ከዚያ የሆነውን ወሎዬ ሁሉ ያውቀዋል። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ገባ። እኔ ከተማውን ስለቅ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ቅያሪ ልብስና የቆጠራ ደብተሩ ብቻ ነበሩ። ደብተሩን ለምን እንደያዝኩት ዛሬም አላውቅም። እጄ አነሳው። በታኅሣሥ ስመለስ ሱቁ ባዶ ነበር። ሼልፉ እንኳን ተነቅሏል። ሐጂ ወለሉ ላይ ካርቶን አንጥፈው ተቀምጠዋል። ያን ቀን ስለ ሥራ አላወራንም። በማግስቱ ደብተሩን አውጥቼ ሰጠኋቸው። እያንዳንዱ ዕቃ ስንት እንደነበረ፣ የቱ ተከፍሎበት የቱ በዱቤ ከአዲስ አበባ እንደመጣ፣ ሁሉም ተጽፏል።

ሐጂ ያንን ደብተር ይዘው መርካቶ ወዳሉት አቅራቢዎቻቸው ሄዱ። እኔም አብሬ ሄድኩ። «ያለብኝ ይሄ ነው፤ የጠፋብኝ ይሄ ነው» ብለው ገጹን እየገለጡ አሳዩዋቸው። ሰዎቹ ዕዳውን በጊዜ ከፋፈሉላቸው። እንደገናም ዕቃ በእምነት ሰጧቸው። የሐጂ የብዙ ዓመት ታማኝነት ነው ይህን ያደረገው፤ ደብተሩ ታማኝነቱን አሳየ። ከአቅራቢዎቹ አንዱ ግን ደብተሩን ትንሽ ይዞ ቆየ። «ይህን የጻፈው ማነው?» አለ። ሐጂ ወደ እኔ ጠቆሙ። ከሁለት ወር በኋላ ያ ሰው ደወለ። የሚያውቀው አንድ ሱፐርማርኬት ስቶር የሚይዝ ሰው ይፈልጋል።

የሐጂን ሱቅ ጥዬ ለመሄድ ሆዴ አልቆረጠልኝም ነበር። «ሂጂ ልጄ፣ ሱቁ አንድ ሰው ይበቃዋል። የሰው መውደድ ይስጥሽ» ብለው ዱዓ አድርገው ሸኙኝ።

እንግዲህ ኔትወርክ የሚሉት ነገር ይህ ነው። እኛ አገር ቃሉ ከዘመድ ጋር ተምታትቷል። «ሰው ከሌለህ ሥራ የለም» ይባላል። ይህ አባባል ብዙ ልጆችን ገና ሳይጀምሩ ተስፋ ያስቆርጣል፤ እኔንም አስቆርጦኝ ነበር። መርካቶ ዘመድ የለኝም። የነበረኝ ሥራዬን ያየ ሰው ነው። ዘመድ አይመረጥም፤ ሥራችሁን የሚያዩ ሰዎችን ግን ማብዛት ትችላላችሁ። የአቅራቢው ሾፌር ዕቃ ሲያራግፍ ቆጥራችሁ ስትፈርሙ ያያችኋል። የቢራና የለስላሳ ሽያጭ ሠራተኛው በየሳምንቱ ይመጣል፤ በየከተማው ስንት ሱቅ እንደሚያውቅ አስቡት። የነጋዴ እቁብ ላይ ዳኛውን ወክላችሁ ገንዘብ ስትሰበስቡ እጃችሁ ላይ አንድ ብር እንደማይጎድል የሚያይ ሰው አለ። ከተመረቃችሁ በኋላ ደግሞ በየሦስት ወሩ ደውሉ። ምንም ሳትፈልጉ። ለበዓል፣ ለዒድ «እንኳን አደረሳችሁ» በሉ። በችግር ቀን ብቻ የሚደውል ሰው ስልኩ ሲጮህ ይታወቃል።

አዲስ አበባ እንደገባሁ ወዲያው ስቶር አልሰጡኝም። ሦስት ወር ካሸር ሆኜ ሠራሁ። በሁለተኛው ሳምንት የማታ ሒሳብ ስንዘጋ የሽያጭ ማሽኑ በቀኑ መጨረሻ ከሚያወጣው ማጠቃለያ፣ ከዜድ ሪፖርቱ ጋር ሳስተያየው 400 ብር ጎደለኝ። ከደመወዜ እንደሚቆረጥ ተነገረኝ። አልቅሼ ማደር እችል ነበር፤ ተጠጋግቼም ነበር። ግን ሐጂ ቤት የተማርኩት ትዝ አለኝ፤ መጀመሪያ ወረቀቱ ይመርመር። ሱፐርቫይዘሯን ለምኜ የቀኑን ደረሰኞች አንድ በአንድ አየን። አንድ ደንበኛ በቴሌብር የከፈለችው 400 ብር ማሽኑ ላይ በጥሬ ገንዘብ ተመትቷል። ገንዘቡ አልጠፋም፤ ሌላ ቦታ ነው የተቀመጠው። ካሸር የምትሆኑ ልጆች፣ በስልክ የተከፈለውን ለብቻ ጻፉ። በየሁለት ሰዓቱ አስተያዩ። የቀኑን መጨረሻ አትጠብቁ።

ስለ ቅጥርም አንድ ነገር እወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። መደበኛ ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ሱፐርማርኬት በፈረቃ ስለሚሠራ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ውላችሁን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ አንብባችሁ ፈርሙ። በትህትና መጠየቅ ማንንም አያስቀይምም።

ስኮላርሺፕን በተመለከተ ቀጥታውን ልንገራችሁ። አንድ የውጭ አገር ስኮላርሺፕ አመልክቼ አልተሳካልኝም። ጽሑፌን ከወራት በኋላ መልሼ ሳነበው ምክንያቱ ገባኝ። «ታታሪ ነኝ፣ ለአገሬ መሥራት እፈልጋለሁ» የሚል ብቻ ነው። ስለ ስድስቱ ጀሪካን ዘይት አንድ ቃል አልጻፍኩም። ስለ ደብተሩ አልጻፍኩም። የሌላ ሰው ጽሑፍ እያየሁ የራሴን ረሳሁት። እናንተ ያያችሁትን ጻፉ፤ ቁጥር ያለው፣ ቦታ ያለው፣ የሠራችሁት ነገር። ለምሳሌ የእንግሊዙ ቺቭኒንግ የአንድ ዓመት ማስተርስ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል። 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሁለት ዓመት ገደማ ማለት ነው። ከትምህርቱ በኋላ ሁለት ዓመት አገራችሁ መቆየት ግዴታ ነው። ከሚያስጽፋቸው ነገሮች አንዱም ከሰዎች ጋር ያላችሁን የሥራ ግንኙነት ነው። ሱቅ ውስጥ የሠራ ልጅ ለዚህ መልስ አለው። ልብ በሉ፣ ለውጭ ማመልከቻ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ስትጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ የወጪ መጋራት ጉዳይ ይነሳል። ቀኑ ሲደርስ ሳይሆን ቀደም ብላችሁ ጨርሱት።

ለእኔ የተሳካልኝ ስኮላርሺፕ ማስታወቂያ ያልወጣለት ነው። ፈረቃ ሱፐርቫይዘር ሆኜ ዓመት ስሞላ ለአሠሪዬ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ቅዳሜና እሑድ ሁለተኛ ዲግሪ መማር እፈልጋለሁ፣ ግማሹን ክፍያ ድርጅቱ ቢችልልኝ ለሁለት ዓመት አልለቅም አልኩ። ከደብዳቤው ጋር በአንድ ዓመት ውስጥ ጊዜው አልፎ የሚጣለው ዕቃ በእኔ ክፍል እንዴት እንደቀነሰ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አያያዝኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ፈቀዱልኝ። ማንም ከእኔ በፊት ስላልጠየቀ እንጂ ሕጉ አልከለከለም ነበር። አሠሪያችሁን ጠይቁ። የምትጠይቁት ግን ያስገኛችሁትን በቁጥር ካሳያችሁ በኋላ ይሁን።

ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮችም አሉ። በ2016 መጨረሻ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነጻ ነው፤ ውስጡ ስለ ዳታ የሚያስተምር ክፍል አለ። ዕቃ ለሚቆጥር ሰው ዳታ ባዕድ ነገር አይደለም። ኮርሴራ በሚባለው የኢንተርኔት ትምህርት ድረ ገጽ ላይ መክፈል ለማይችሉ ተማሪዎች የድጋፍ ማመልከቻ አለ። ኤክሴልን ግን ከምንም በላይ አስቀድሙ። ለተመራቂዎች ሥልጠናና የሥራ ትርኢት የሚያዘጋጀውን «ደረጃ» የሚባለውን ድርጅት ተከታተሉ። የሥራ ማስታወቂያ የሚወጣባቸውን ኢትዮጆብስ ድረ ገጽንና ሪፖርተር ጋዜጣን እዩ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። «ሱፐርማርኬት ካሸር እንፈልጋለን፣ ለምዝገባ ብር ላኩ» የሚል መልእክት ካያችሁ ዝጉት። ለመቀጠር ገንዘብ አይከፈልም። እህቴ የምላት ልጅ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ብሯን ያጣችው እንዲህ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የምሠራበት ድርጅት ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ሲከፍት ወደ አገሬ ልሂድ አልኩ። አሁን ዓርብ ዓርብ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ እሄዳለሁ። ሐጂ አርጅተዋል። ሱቁ ቆሟል፤ ሼልፉም ተተክቷል። ያ ከመርሳ የመጣው ልጅ ስቶሩን የሚይዘው እሱ ሆኗል። አክስቴ ደግሞ ባቲ ሆና በስልክ «ሚዛኑን አደራ» ትለኛለች።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ተማሪ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። ከኮምቦልቻ ካምፓስ ነው የመጣችው። እጇ ላይ የታጠፈ ደብዳቤ አለ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ምን ማየት እንደምትፈልግ ጠየቅኋት። አፍራ መሬት መሬት አየች፤ «ዕቃ ከጀርባ እንዴት እንደሚቀመጥ» አለች። ደብዳቤውን በድርጅታችን ስም አስጽፋ እንድትመጣ ነገርኳትና ወደ ስቶር ይዣት ገባሁ። ባለ 5 ሊትር ዘይቱ የተደረደረበት ጥግ ስንደርስ እስክሪብቶና ወረቀት ሰጠኋት።